መቶ አርባ ስምንት ገጽ

ይህ የምነግራችሁ ነገር እንዳለ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ ይህ የምጽፍበት እጄ ከትከሻው ይውለቅ፤ አንዲት ቃል ቀንሼ ከተገኘሁም ሌላኛው ይከተለው። ሰው እንደሚያማኝ አውቃለሁ። ሰፈሩ «ጋዜጣው» የሚለኝ መጽሔት ስለማከራይ ብቻ አይደለም፤ የሰማሁትን አሳድጌ ስለማወራ ነው አሉ። ይበሉ፤ አፍ የራሳቸው ነው። ለዚህኛው ግን ምስክር አለኝ። ከሱቄ ጋር በአንዲት ስስ ጣውላ የሚጎራበተው ሰዓት ሠሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ከአፉ የወጣው ቃል ተሰብስቦ ቢጻፍ አንዲት ገጽ አይሞላም፤ በዚያች ገጽ ላይ ደግሞ አንድም ውሸት አይገኝባትም። ስጨርስ አንብቦ ከታች ይፈርምልኛል። ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠረኝ ካለ ከሱ ጋር ይጣላ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ፊቴን በሳሙና ለቅልቄ ስላጭ ነው። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ ግን ምን ዓይነት ክፍል መሰለቻችሁ! አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ምድጃውና የሟች ባለቤቴ ቁም ሣጥን ገብተውባት እንኳ አንድ ጎልማሳ ቆሞ የሚላጭበት ቦታ ይተርፋታል። ታናሽ እህቴ መጥታ ነበር። ልጄ የምትኖረው እሷ ዘንድ ነው፤ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። እህቴ ወደኔ ብቅ የምትለው አንድ ነገር ስትፈልግ ነው፤ ያን ቀን የፈለገችው የባለቤቴን ፎቶግራፍ ነበር። ለልጄ ሠርግ በትልቁ ልታሳትመው ኖሯል። ከምስማሩ አውርጄ በጋዜጣ ጠቀለልሁላት። ከጎኑ ባለቤቴና እኔ አንድ ላይ የተነሣነው ተሰቅሏል፤ ዓይኗ አረፈበትና ተነሣ፤ እሱን አልጠየቀችኝም። በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ፤ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። የኔን ጆሮ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጀርባዬ ላይ ሆኖ ገጽ ሲገልጥ ስንተኛው ገጽ እንደሆነ ከኮሽታው የምለይ ሰው ነኝ። «አዎ፣ ነግረናቸዋል» አለች። «አባቷ በሕይወት የለም ነው ያልናቸው። በአባት ቦታ የሚቆመው የኔው ባል ነው። ኧረ ተይ፣ ማን ይነግራቸዋል!»

ግማሽ ፊቴ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ሞትሁ። እንዲህ ያለ አሟሟት በዓለም ላይ ከኔ በፊት የደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ምላጩን ግን አልጣልሁትም፤ ሬሳ ብሆንም ንጹሕ ሬሳ ልሁን ብዬ የቀረውን ግማሽ ቀጠልሁ። እህቴ ስትመለስ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ጋሼ፣ ሰማህ እንዴ?»

«የሞተ ሰው ይሰማል?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የተጠቀለለውን ፎቶግራፍ ጉልበቷ ላይ አድርጋ የጋዜጣውን ጠርዝ በጣቷ ታሸው ጀመር። «ልጅህ አይደለችም እንዲህ ያለችው» አለች። «እኔ ነኝ። ያለፈውን አትርሳ እንጂ ጋሼ።»

ያለፈው ማለት ይኸውላችሁ። ልጄ ከዚህ በፊት ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ታጭታ ነበር። ከቤተሰቦቹ ጋር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንተዋወቅ፣ ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ነው አልሁ። ውሸት ነው? ቁጠሩት፤ ሦስት ነው። የኔ ነው አላልሁም። መጽሔቶቼ በአምስት አገር ይነበባሉ ያልሁትም ትዝ ይለኛል፤ በአምስት አገር የታተሙ መሆናቸው ደግሞ እውነት ነው። እነሱ ግን አንድ ቀን ሳይነግሩን ሊጠይቁን መጡ። ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ እኔን በካልሲ አገኙኝ። ሦስት ሆነው መጥተው ያለን ወንበር አንድ ነው። የልጁ እናት ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ቆሙ። ልጄ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ገብታ፣ እንደተከመረ ዕቃ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ኖሮ አፌን የምከፍትበት ምክንያት አገኝ ነበር። ሴትዮዋ ያቀረብንላቸውን ውኃ ጠጥተው ጨረሱ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ «ደኅና ዋሉ» አሉና ወረዱ። ቀለበቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ልጄም ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ዘንድ ገባች። ያ ነው ያለፈው።

«የአሁኑ ደኅና ሰው ነው» አለች እህቴ። «ይሄ ደግሞ እንዳይበላሽባት።» ቀና ብላ ፊቴን አየችው፤ አንድ ቦታ ቆርጬው ኖሮ ደም ይወርድ ነበር። ለስለስ አለች። «ለማንኛውም ዛሬ ከሰዓት ሱቅህ ትመጣለች። የሙሽራ መጽሔት መምረጥ አለባት፤ ካንተ በላይ ማን ያውቃል ብያታለሁ። ታዲያ እንዳታስቀይማት፣ እሺ?»

እሺ ማለት ብቻ! በደረጃው አልወረድሁም፣ በርሬ ነው የወረድሁት። ምክንያቱም እህቴ ያን ቀን አንድ እውነት ተናግራለች፦ የሙሽራ መጽሔት ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ሱቄ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ፣ ግን የገባባትን ወረቀት ብዛት ያየ ሰው ባርኔጣውን ያነሣላታል። አልሸጥም፣ አከራያለሁ። ደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የግማሽ ሰዓት ይከፍልና አንብቦ ይመልሳል። የሙሽራ መጽሔት ዋጋው የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ነው፤ የሚገዛው የለም፣ የሚከራየው ግን ሞልቷል። እጮኞችና ልብስ ሰፊዎች ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይመጡና የቀሚሱን ቅርጽ ይገለብጣሉ። መገልበጡ የሰለቻት ደግሞ ትስላለች፤ ሳሏን ተገን አድርጋ ገጹን ትገነጥለዋለች። ስንቱን ሳል ሰምቻለሁ! ለዚህ ብዬ ነው ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስሜ ያለበትን ክብ ማኅተም የምመታው፣ ሲመለስም ገጹን የማስቆጥረው። የምትቆጥረው ልጄ ነበረች። ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ሥር ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን በምላሷ እያረጠበች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። በልጅነቷ የቆጠረችው ገጽ ቢነጠፍ ከዚህ እስከ ባሕር ይደርሳል። «መቶ አርባ ስምንት» ትላለች መጨረሻ ላይ ቀና ብላ። «ሙሉ ነው አባዬ።»

ከሰዓት በፊት ሦስት መጽሔት ለየሁ። አላዋቂ ሰው የሙሽራ መጽሔት በሽፋኑ ይመርጣል፤ እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። በኋለኛው ገጽ በየወሩ ምን ምን መሠራት እንዳለበት የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ከሌለው ያ መጽሔት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንጂ ሠርግ አይደገስበትም። ቀጥሎ ቀሚሶቹን አያለሁ፤ ሰው የሚሰፋቸው ናቸው ወይስ መልአክ? ከሦስቱ የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ የከበደ ነው፤ በውስጡ ያሉት ቀሚሶች ጅራታቸው ከመርዘሙ የተነሣ ሙሽራዋ አዳራሽ ደርሳ ጫፉ ገና ከቤት አልወጣም። ሁለተኛው ሥዕሉ ያምራል፤ አበባና ኬክ ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ግን መጽሔት ነው። ወረቀቱ ስስ፣ ምክሩ ቁም ነገር። ዘጠና ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ቀሚስ አለች፤ እጅጌዋ ረጅም፣ ከአንገት እስከ ወገብ በትንንሽ ቁልፍ የተያዘች፣ ሌላ ምንም የሌለባት። ባለቤቴ ስታገባኝ የለበሰችው ነው ብል ማን ይከለክለኛል? ገጹ ሲገለበጥ፣ ዘጠና አራተኛው ላይ፣ «የሙሽራዋ አባት ተግባር» የሚል ርዕስ ነበረ። አሥራ አንድ ነጥብ። ሁሉንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ሰዓት ሠሪውን ተጨማሪ በርጩማ ለመንሁት፤ ያለ ቃል አቀበለኝ። ንጹሕ ጨርቅ አነጠፍሁበት።

ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን አጥፋ ክንዷ ላይ ይዛዋለች። መንገዱን ስታቋርጥ ሁለት አውቶቡስ ቆመላት፤ የአንዱ ሹፌር እንዲያውም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሰዓት ሠሪው፣ በሕይወቱ የሬዲዮኑን ድምፅ ከሹክሹክታ በላይ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ እሷን ሲያይ ደስ ብሎት ሬዲዮኑን እስከ ጣራው ከፈተው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶቹም አብረው ደወሉ።

«ከስተሃል አባዬ» አለችኝ፤ ተቀመጠች።

«ከሞትሁ ጀምሮ የምግብ ፍላጎት የለኝም» አልኋት።

ስቃ አንገቷን ደፋች። ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልተናገርንም። የከበደውን መጽሔት ጉልበቷ ላይ አኖርሁላት፤ እየገለጠች ቆየችና፣ «እነዚህ ሙሽሮች ለምንድን ነው አንዳቸውም የማይስቁት?» አለች።

«የቀሚሱን ዋጋ ስለሰሙ ነዋ!»

«አባዬ ደግሞ! እሺ ይሄኛውስ?»

«እሱ ኬክ ለምታገባ ሴት ነው።»

እንዲህ እያልን ወደ ሦስተኛው ደረስን። ዘጠና ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ትንንሾቹን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጣቷ ነካካቻቸው፤ እየቆጠረች እንደሆነ ከንፈሯን አይቼ አወቅሁ። ከዚያ ገለበጠችው። የአባት ተግባር ፊት ለፊቷ ተዘረጋ። እኔ ወደ መንገዱ አየሁ። የመንገዱ ማዶ ሱቆች፣ የሚሄድ የሚመጣው ሰው፣ ሁሉም ነገር ያን ጊዜ እጅግ የሚታይ ነገር ሆነብኝ። አሥራ አንዱንም አነበበች። ሙሽራዋን ከቤት ማውጣት፣ እንግዳ መቀበል፣ አጭር ንግግር ማድረግ። አጭር የሚለው ቃል ከሥሩ ተሰምሮበት ነበር፤ ያሰመርሁት እኔ ነኝ፣ እንድታየው።

«ውሰጂው» አልኋት። «ያንቺ ነው። ስጦታ።»

መጽሔቱን ዘግታ ሽፋኑን አየች። ማኅተሙ እዚያ ነው፤ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ስሜን ሙሉ በሙሉ የያዘ። የኔ ስም ማለት ደግሞ የሷ የአባት ስም ነው። ይህን ይዛ አክስቷ ቤት ብትገባ፣ የወንዱ ቤተሰቦች መጥተው ጠረጴዛው ላይ ቢያዩት፣ ይህ ሰውዬ ማነው ቢሏት ምን ትላለች? የሞተ ሰው መጽሔት አያከራይም። አውራ ጣቷን ማኅተሙ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። እንዳትመልስልኝም፣ እንዳትወስደውም፣ መሀል ላይ ቀረች። «ቆይ፣ ማሰሪያ ገመድ ልፈልግ» ብዬ ባንኮኒው ሥር አጎነበስሁ። ገመድ አልነበረም፤ ገመድ እንደሌለም አውቃለሁ። እንደጎነበስሁ ቆየሁ። ከላይ ሳለች። ከሳሉ ጋር ወረቀቱ ከስፌቱ ሲለቅ ሰማሁ፤ ቀስ ብላ፣ እንዳያመው የፈራች ያህል ቀስ ብላ ነው የገነጠለችው።

ቀና ስል መጽሔቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ልማድ ነው፣ ቆጠርሁት። መቶ አርባ ስድስት። ዘጠና ሦስትና ዘጠና አራት የሉም። ለቀሚሱ ብላ ትገንጥለው ወይስ ለጀርባው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

«መቶ አርባ ስምንት» አልኋት ዓይኗን እያየሁ። «ሙሉ ነው።»

ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ፤ በምላጭ የቆረጥሁትን ቦታ። «ና አባዬ» አለችኝ። «የሠርጉ እሑድ አራት ሰዓት ላይ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። ያሉትን ይበሉ።»

ይህ ነው። ያን መጽሔት ከዚያ ወዲህ ለማንም አላከራየሁትም፤ ገጽ የጎደለው መጽሔት ማከራየት ስሜን ያጠፋዋል። ይልቅ ታሪኩን ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ሦስት ወር አለፈኝ። የሚያምነኝ ስላጣሁ ዛሬ በጽሑፍ አደረግሁት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ሠርጉ ዛሬ ነው። ሱፌን ለብሻለሁ፣ ጫማዬ ተወልውሏል፣ ፊቴንም አንድም ቦታ ሳልቆርጥ ተላጭቻለሁ። አራት ሰዓት እስኪደርስ ብዬ ነው ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የምጽፈው። በእሑድ ቀን ሱቁን ከፍቶ የማያውቀው ሰዓት ሠሪም ዛሬ ምን እንዳሰኘው እንጃ፣ በጠዋቱ መጥቶ ከፍቷል።

እስከዚህ የጻፍሁትን አንብቦ እንዲፈርምልኝ ሰጠሁት። ከዚህ በታች ያለውን የጨመርሁት በኋላ ነው፤ ከላይ እጄን አስይዤ ስለማልሁ መተው አልቻልሁም።

ሰዓት የሚያይበትን ማጉያ መስታወት ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሥራው፣ መስመር በመስመር አነበበው። ሲጨርስ ማጉያውን አወለቀና ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደራረባቸው። ብዕሩን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

«አንድ ነገር ላርም?» አለኝ።

«ፊደል ከሆነ አርም።»

«አልመጣችም።»

ድምፁ ሰዓት ለባለቤቱ ሲመልስ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። «ያን ሐሙስ ማንም አልመጣም» አለ። «በርጩማውን አዋስሁህ፤ ጨርቅ አነጠፍህበት። እስክንዘጋ ድረስ ባዶ ነበር። አንተ ግን ታወራ ነበር። መጽሔቱን እየገለጥህ ታሳይ ነበር። መጀመሪያ ደንበኛ መስሎኝ ብቅ ብዬ አየሁ።» ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ አኖራቸው። «አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዳይሰማህ ብዬ ነው ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግሁት።»

«የተገነጠለውስ?» አልሁት። «ዘጠና ሦስተኛው ገጽስ? በጆሮዬ ሰምቼ!»

አልተከራከረኝም። አጎንብሶ ከባንኮኒው ሥር መጽሔቱን አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳልነካው ወደ ቦታው እመልሰው ነበር። ጣቴን በምላሴ አረጠብሁ። ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ሌላኛውን በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከጣውላው ወዲያ ሰዓቶቹ አራት ሰዓትን መምታት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ቀድመው፣ አንዳንዶቹ ዘግይተው፣ ከዚያም ዝም አሉ። ዘጠና ሁለት። ዘጠና ሦስት፦ ቀሚሷ በረጅም እጅጌዋ፣ ከነቁልፎቿ። ዘጠና አራት፦ አሥራ አንድ ነጥብ፣ አጭር የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበት። እጄ ሊቆም ሲል እሱ ጠበቀኝ፤ ቀጠልሁ። የወር ሰንጠረዡን አለፍሁ፣ ማስታወቂያዎቹን አለፍሁ፣ የኋላው ሽፋን ላይ ደረስሁ። አፌ ግን ቁጥሩን አላወጣውም።

«መቶ አርባ ስምንት» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ለካ አብሮኝ ሲቆጥር ነበር። «ሙሉ ነው።»